የማግሪት ፒፓና የእርስዎ ጀበና
የሥዕል ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም የጀርባ ሽፋን ላይ የቤልጅጉን ሠዓሊ የሬኔ ማግሪትን አንድ ሥዕል አውጥተን ነበር፤ ቡናማ ፒፓ፣ ከሥሩ በፈረንሳይኛ «ይህ ፒፓ አይደለም» የሚል ጽሑፍ። ከዚያ በኋላ ከደረሱን ጥያቄዎች የተወሰኑትን መርጠን መልሰናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ፒፓ ሥሎ «ፒፓ አይደለም» ብሎ መጻፍ ቀልድ እንጂ ምኑ ነው ጥበብ? አሣሣሉም ቢሆን ከሱቅ ታፔላ አይሻልም።

መልስ፦ ስለ ታፔላው ልክ ነዎት፤ የሥዕሉ ጉልበትም ያለው እዚያው ላይ ነው። «የምስሎች ክህደት» በ1929 የተሣለ፣ 60 በ81 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሥዕል ነው፤ ዛሬ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ፒፓው በጎኑ ይታያል፣ ጀርባው ባዶ ነው፣ የተቀመጠበት ጠረጴዛም የለም። ጽሑፉ መምህር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፈው የተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት ነው። ማግሪት ሆን ብሎ የልጆች መማሪያ አስመስሎ ነው የሠራው። ብሩሹ የሚጮህ፣ ቀለሙ የተደፋፋ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ ገና ከሩቅ «ሥዕል ነው» ብሎ ያልፋል፤ ጽሑፉም የሚያስተባብለው ነገር ያጣል። እንዲህ ሲሣል ግን «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ ሳያስብ «ፒፓ» ይላል። ትምባሆ ክተትበት ቢባል ደግሞ አይችልም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ የሳትነው እኛ ነን።

ከዚህ በፊት በ1927 «የሕልም ቁልፍ» የሚል ሥዕል ሠርቷል፤ እኛ ከፒፓው እንኳ እናስበልጠዋለን። በአራት ሣጥን ተከፍሏል። የእጅ ቦርሳው ሥር «ሰማይ»፣ ሰንጢው ሥር «ወፍ»፣ ቅጠሉ ሥር «ጠረጴዛ» ይላል። አራተኛው ስፖንጅ ነው፤ ከሥሩም «ስፖንጅ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስቱን ስሕተት ያየ ሰው ትክክለኛው ላይ ሲደርስ ነው የሚደናገረው፤ ስፖንጁስ ስሙን ያገኘው ከቦርሳው በተሻለ ምክንያት ነው?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የሥዕል ተማሪ)፦ በማግሪት ስልት ልሠራ ብዬ ደመና ላይ የሚንሳፈፍ ጀበና ሣልኩ። ጀበናው ክንፍ አለው፣ ከበስተጀርባው ጨረቃ አለች፣ ከታች በረሃ ነው። ያየው ሁሉ «የቡና ማስታወቂያ ነው?» ይለኛል። ምኑ ጋ ነው ያጠፋሁት?

መልስ፦ አራት እንግዳ ነገር በአንድ ሸራ ላይ አስገብተዋል። ክንፍ፣ ጨረቃ፣ በረሃና መንሳፈፍ አንድ ላይ ሲመጡ ተመልካቹ «ሕልም ነው» ብሎ ይገላገላል፤ ሕልም ውስጥ ደግሞ ሁሉም ይፈቀዳልና የሚጠራጠረው ነገር አይኖረውም። ሕጉን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጣሱ፣ የቀረውን በጥብቅ ይጠብቁ።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው፤ ጀበናና ሰማይ ዝምድና የላቸውም። ማግሪትም በ1920ዎቹ የማይገናኙ ነገሮችን ማጋጨት ይወድ ነበር። መንገዱን የቀየረው በ1933 አካባቢ ነው። በ1938 አንትወርፐን ውስጥ በሰጠው ንግግር እንዳስረዳው፣ አንድ ሌሊት ከእንቅልፉ ሲነቃ የወፍ ቀፎው (ኬጁ) ውስጥ በተኛችው ወፍ ምትክ እንቁላል ያየ መሰለው፤ የወፍ ቀፎና እንቁላል ከወፍ ቀፎና ጫማ ይልቅ እንደሚያስደነግጡም ያኔ ገባው፤ ዘመዳሞች ናቸውና። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ዕቃ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ይይዘው ጀመር፦ የበሩ ጥያቄ፣ የመስኮቱ ጥያቄ፣ የጫማው ጥያቄ። ለጫማው ያገኘው መልስ በ1935 የተሣለው «ቀዩ ሞዴል» ነው፤ የቆዳ ቦቲው ወደ ጣቶቹ ሲወርድ ሥጋ የለበሰ እግር ይሆናል። መልሱን እስኪያገኝም በእርሳስ ንድፍ ላይ ንድፍ እየደራረበ ይፈልግ ነበር።

የእርስዎ ሥዕል ውስጥ ግን መልሱ ተደብቆ ተቀምጧል። ጀበናውን ወደ ደመናው ከመውሰድ ደመናውን ወደ ጀበናው ያምጡት። እንፋሎትና ደመና ሁለቱም ውኃ ናቸው። ጀበናው ረከቦቱ ጎን ከሰሉ ላይ ይቀመጥ፣ ሲኒዎቹ በመደዳ ይደርደሩ፣ ቄጤማው ይጎዝጎዝ፤ ከጀበናው አፍ ግን እንፋሎት ሳይሆን ጭንቅላት የምታክል እውነተኛ ደመና ትውጣ።

አሠራሩን በዝርዝር እንንገርዎ። 60 በ80 ሸራ ይበቃል፤ ጀበናው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከእውነተኛው መጠን የተቀራረበ ይሁን። ብርሃኑ ከአንድ መስኮት፣ ለምሳሌ ከግራ ይምጣ። እውነተኛ ዕቃ ደርድረው እያዩ ይሣሉ፤ ከጭንቅላት የተሣለ ሲኒ ጠርዙ ይዛባል፣ ተመልካቹም ጥርጣሬውን ደመናው ላይ ሳይሆን የእርስዎ እጅ ላይ ያደርገዋል። የደመናው ሆድ ጠፍጣፋ፣ አናቱ ክምር ክምር ያለ ይሁን፤ እየሳሳና እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ከወጣ እንፋሎት ሆኖ ይነበባል፣ ሥዕሉም ያበቃለታል። ግራ ጎኑ ይብራ፣ ቀኝ ጎኑ ከግድግዳው ቀለም ጋር የተዋሐደ ግራጫ ይሁን። ከዚያ ግድግዳው ላይ ጠርዙ የለዘበ ጥላ ያሳርፉለት። ብዙ ተማሪ የሚረሳው ይህንን ጥላ ነው፤ ጥላ የሌለው ደመና የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል።

የመጀመሪያውን ንብር በተርፐንታይን አቅጥነው፣ ቀጣዩን ጥቂት የተልባ ዘይት ጨምረው ይቀቡ። ዘይቱ ለሥዕል ተብሎ የተጣራው ይሁን፤ ለምግብ የተጨመቀው ዘግይቶ ይደርቃል፣ እየቆየም ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። የግድግዳውን ቀለም ከሚያስፈልገው አትርፈው በአንድ ጊዜ ይደባልቁ፤ መሐል ላይ ካለቀብዎት ሁለተኛው ድብልቅ አይገጥምም፣ መጋጠሚያውም ሸራው ላይ ጎልቶ ይቀራል። በመጨረሻም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ የብሩሽ ምልክቶቹን ያጥፉ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ማግሪት በሥዕል ብቻ ይኖር ነበር? ወይስ ሌላ ሥራ ነበረው?

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ ሌላ ሥራ ነበረው። ሌሲን በምትባል ከተማ በ1898 ተወለደ፤ ከ1916 እስከ 1918 በብራሰልስ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ፤ በ1922 ጆርጀት በርዤን አገባ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ ንድፍ ሠሪ ነበር። የዚያ ሥራ አሻራ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም ባይ ነን፤ በ1953 የሣለውን «ጎልኮንዳ»ን ያዩ እንደሆነ፣ ባርኔጣና ካፖርት ያደረጉት ወንዶች ሰማዩ ላይ የተደረደሩት የግድግዳ ወረቀት አበባ በሚደጋገምበት ሥርዓት ነው።

አቅጣጫውን የቀየረለት የጣሊያናዊው ጆርጆ ዴ ኪሪኮ አንድ ሥዕል ነው፤ ያየውም ዋናውን ሳይሆን ኅትመቱን ነበር። በ1926 ከብራሰልስ «ለ ሳንቶር» ጋለሪ ጋር ኮንትራት አገኘ፣ በ1927 የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽን አሳየ፤ ተቺዎቹ ግን አልወደዱለትም። በዚያው ዓመት ፓሪስ አጠገብ ሄዶ ከእነ አንድሬ ብረቶን የሱሪያሊስት (ሕልምንና ምናብን ከአመክንዮ የሚያስቀድሙ አርቲስቶች) ቡድን ጋር ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። የኢኮኖሚው ቀውስ ሲመጣ የጋለሪው ገቢ ተቋረጠ፤ በ1930 ብራሰልስ ተመልሶ ከወንድሙ ከፖል ጋር በግቢው ውስጥ የማስታወቂያ ስቱዲዮ ከፈተ። ቀን ማስታወቂያ፣ በተረፈው ጊዜ ሥዕል። ይሥል የነበረውም ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን የቤታቸው መመገቢያ ክፍል ውስጥ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሮ ነው። ብዙዎቹ ሥዕሎቹ ከአንድ ሜትር የማያልፉ መሆናቸው ከዚህች ጠባብ ክፍል ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ሁለት ጊዜ ከገዛ ስልቱ ሸሽቷል። ከ1943 እስከ 1947፣ ገና በጀርመን ወረራ ሥር ሆኖ የጀመረው፣ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሬኗርን የመሰለ ብሩህና ላባ የሚመስል አቀባብ ነው። በ1948 ደግሞ ለፓሪስ ኤግዚቢሽን ሆን ብሎ ያስቀየማቸውን፣ እንደ ካርቱን የተሞነጫጨሩ ሥዕሎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሠርቶ አቀረበ፤ ከሸፈ። ሁለቱም የሳቱት በአንድ ምክንያት ይመስለናል፤ ዓይን ብሩሹ ላይ ተይዞ ስለሚቀር ወደ ነገሩ አይደርስም። ወደ ቀድሞው አሣሣሉ ከተመለሰ በኋላ የኒው ዮርኩ ነጋዴ አሌክሳንደር አዮላስ ሥራዎቹን አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ቻለ። በ1965 የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀለት፤ በ1967 ሞተ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ «የብርሃን ግዛት» በ2024 በ121 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ሰማሁ። ግን ያው ሥዕል ብዙ ቅጂ አለው ይባላል። ቅጂ ያለው ሥዕል እንዴት እንዲህ ይወደዳል? ራሴም ልሞክረው ብዬ ሰማዬ ሁልጊዜ አመሻሽ ሆኖ ይቀርብኛል።

መልስ፦ ቅጂ ሳይሆን ልዩ ልዩ ሥዕል ነው፤ ከ1949 ጀምሮ በዘይት ቀለም ብቻ 17 ጊዜ ሠርቶታል። ቤቱ፣ ዛፉ፣ የሸራው መጠን ይለያያል፤ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከታች ሌሊት፣ ከላይ ቀትር። ለመብዛቱ ገበያውም ድርሻ አለው። በ1954 የቬኒስ ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን) ላይ የቀረበው ለበርካታ ሰብሳቢዎች ተስፋ የተሰጠበት ነበር፤ አሜሪካዊቷ ሰብሳቢ ፔጊ ጉገንሃይም ስትወስደው የቀሩትን ለማስታረቅ ተጨማሪ መሣል ግድ ሆነ። እርስዎ የሰሙት በኖቬምበር 2024 ኒው ዮርክ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ከ121 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው ነው፤ እርሱም የ1954 ሥራ ነው።

የእርስዎ ሰማይ የሚያመሽበት ምክንያት ቤቱ ጨለማ ስለሆነ እጅዎ ሳያውቀው ሰማዩን ለማስታረቅ ስለሚያጨልመው ነው። አድማሱ አካባቢም ብርቱካናማ ወይም ሐምራዊ ጠብ አድርገው ይሆናል። አያድርጉ። መጀመሪያ ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት ደረጃ ያላት የግራጫ ንድፍ በእርሳስ ይሥሩ። ሰማዩ ከሁለተኛው ደረጃ በታች አይውረድ፤ ቤቱና ግቢው ከአራተኛው በላይ አይውጡ። ከዚህ ሕግ ነፃ የሚሆኑት የመንገዱ መብራትና የበሩት መስኮቶች ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ደረጃ ባዶ ይቅር፤ አመሻሽ የሚኖረው እዚያ ነውና። በሁለቱ መካከል እንደ መጋረጃ የሚቆሙት ጥቁር ዛፎች ናቸው። የቅጠሎቹን ጠርዝ በብርሃን አይሸልሙ፤ ሰማዩ ዛፉን ያበራው እንደሆነ ቤቱንም ሊያበራው ይገባ ነበር፣ ነገሩ ይፈርሳል። የመብራቱ ቀለም ሞቅ ያለ ቢጫ ይሁን። ነጭ ካደረጉት ከደመናው ጋር ይፎካከራል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሸራ ተወድዷል። ያልወደድኩትን አሮጌ የዘይት ቀለም ሥዕል ላይ ሌላ ብሥልበት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ማግሪትም አድርጎታል። «የተደነቀው አቋቋም» ብለን ልንጠራው የምንችለው የ1927 ሥዕሉ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ነበር። ለካ ራሱ ለአራት ቆርጦ በላያቸው ላይ ሌሎች ሥዕሎች ሠርቶባቸዋል። ከ2013 እስከ 2017 ባለው ጊዜ አራቱም ቁራጮች በኤክስሬይና በመሳሰሉት ምርመራዎች ኒው ዮርክ፣ ስቶክሆልም፣ የእንግሊዟ ኖሪችና ብራሰልስ በሚገኙ ሥዕሎች ሥር ተገኙ፤ ከላይ ያነሳነው «ቀዩ ሞዴል» ሥር ያለው የስቶክሆልሙ ነው። ኖሪች ላይ ባለሙያዋን ያስጠረጠራት በሸራው ጠርዝ ላይ የታየ፣ ከፊቱ ሥዕል ጋር የማይገናኝ ቀለም ነበር።

ይቻላል ማለት ነው፤ ችግሮቹ ግን ሦስት ናቸው። የዘይት ቀለም እያረጀ ሲሄድ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከዓመታት በኋላ ከሥር ያለው ጥቁር መስመር ብቅ ይላል። ድሮ የተወፈረው ቀለም ጉብታው በጎን ብርሃን ይታያል፤ እንደ ማግሪት ሰማይ ያለ ለስላሳ ነገር የሚሠሩ ከሆነ ያበላሽብዎታል። ሦስተኛው መያያዝ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ገጽ አዲስ ቀለም አይይዝም። ስለዚህ አሮጌው ቢያንስ ዓመት የሆነው ይሁን፣ ቫርኒሽ ካለው ይነሣ፣ ጉብታውን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት እርጥብ አድርገው ይሞርዱት። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሊድ) ሊኖር ስለሚችል በደረቁ አይሞርዱ፣ አፍና አፍንጫዎንም ይሸፍኑ። ከዚያ በነጭ የዘይት ቀለም ሁለት ስስ ንብር ቀብተው ያድርቁ። አክሪሊክ ጄሶ (በውኃ የሚቀጥን የሸራ መሠረት ቀለም) ግን በፍጹም፤ በዘይት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ቆይቶ ይላጣል።

ጥያቄ (ከሃይፋ)፦ ሰውየው መስታወት ፊት ቆሞ ጀርባው የሚታይበት ሥዕል ለምን እንዲህ ያስፈራል? ዘዴው ምንድን ነው?

መልስ፦ ዘዴው መጽሐፉ ነው። በ1937 የተሣለው ይህ ሥዕል እንግሊዛዊውን ሰብሳቢ ኤድዋርድ ጄምስን ከኋላ ያሳያል፤ መስታወቱም ፊቱን በመስጠት ፈንታ ያንኑ ጀርባ ይደግማል። አሁን ወደ ቀኝ ዝቅ ይበሉ። በእብነ በረዱ መደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ አለ፣ የአሜሪካዊው ደራሲ የኤድጋር አለን ፖ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ በትክክል ተገልብጦ ይታያል። መጽሐፉ ባይኖር «መስታወት ሳይሆን ሌላ ሥዕል ነው» ብለን በቀላሉ እናመልጥ ነበር። መጽሐፉ መስታወቱ እንደሚሠራ መሰከረ፤ ሰውየውን ብቻ ከለከለው።

«የሰው ሁኔታ» (1933) ላይም እንዲሁ ጥቂት ማስረጃ ብቻ ይሰጣል። መስኮት ፊት ኢዝል (የሸራ ማቆሚያ) ቆሟል፣ ሸራው ላይ ያለው መልክዓ ምድር ከውጭው ጋር ያለ ስፌት ገጥሟል። ሸራ መኖሩን የምናውቀው በቀኝ ጠርዙ ካለው ነጭ መስመርና ከምስማሮቹ፣ በግራ መጋረጃውን ትንሽ ከመሸፈኑ፣ ከሥር ከሚታዩት የኢዝሉ እግሮችና ከላይ ካለው መያዣ ነው። እነዚህን በጣትዎ ቢሸፍኗቸው መልክዓ ምድር ብቻ ይቀራል። ከሸራው ጀርባ ያ ዛፍ በእርግጥ አለ? የሣለልን እኮ ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ የማግሪት ሥራ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው ማለት ይቻላል? እናቱ ወንዝ ገብታ እንደሞተችም አንብቤያለሁ፤ ወርቁ እርሱ ይሆን?

መልስ፦ እናቱ በ1912 ሳምብር ወንዝ ገብታ ሕይወቷን አጥፍታለች፤ እርሱ 13 ዓመቱ ነበር። በ1928 የሣላቸውን ፊታቸው በጨርቅ የተሸፈነ ፍቅረኞች ከዚህ ጋር ያያዙ ብዙ ናቸው። ማግሪት ራሱ ግን ሥዕሎቹ በምልክት እንዲፈቱ አጥብቆ ይቃወም ነበር።

ለዚህ ነው ሰምና ወርቅ የማይገጥመው። ባለቅኔው ኅብረ ቃሉን ሲያስገባ ወርቁ እንዲገኝለት ነው፤ ያገኘው ይደሰታል፣ ሰሙ ይቀልጣል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንም ቢሆን ኃጥኡን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ሲያሳይ ተመልካቹ ቋንቋውን ያውቀዋል። ማግሪት ጋ ፖሙ ፖም፣ ባርኔጣው ባርኔጣ ነው። ፖሙን «ኃጢአት» ብለው ሲፈቱት ሥዕሉን ማየት ያቆማሉ። አርእስቶቹም ቁልፍ አይደሉም፤ ብዙዎቹን እንደ ፖል ኑዤና ሉዊ ስኩተኔር ያሉ ወዳጆቹ ናቸው ያወጡለት፣ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ። «ጎልኮንዳ» ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ አጠገብ ያለች፣ በአልማዝ ንግድ የታወቀች የፈረሰች ከተማ ናት፤ ባርኔጣ ካደረጉት ሰዎች ጋር ምን ያገናኛታል ብለው ከደከሙ አርእስቱ ሥራውን ሠርቷል።

ጥያቄ (ከብራሰልስ)፦ እዚሁ ነው የምኖረው፤ የት ልየው?

መልስ፦ መጀመሪያ ዤት ሠፈር፣ ሩ ኤሰጌም 135 ይሂዱ። ከ1930 እስከ 1954 የኖረበት ቤት ነው፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል። የቤቱ የእሳት ምድጃ፣ ደረጃና መስኮት በሥዕሎቹ ውስጥ ተመላልሰው ይመጣሉና እነርሱን አይተው ከሄዱ ሌላው ይገባል። ከዚያ ፕላስ ሮያል ያለው የማግሪት ሙዚየም፤ በ2009 የተከፈተ፣ ከ200 በላይ ሥራዎች የያዘ ነው፣ የ1954 «የብርሃን ግዛት» አንዱም የብራሰልስ ሮያል ሙዚየሞች ንብረት ነው። ፒፓውን ግን እዚያ አይፈልጉ። «የሰው ሁኔታ» ዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ፣ «ጎልኮንዳ» ሂውስተን፣ የመስታወቱ ሰውዬ ደግሞ ሮተርዳም ቦይማንስ ሙዚየም ነው። ሮተርዳም በባቡር ቅርብ ነው፤ የሙዚየሙ ዋና ሕንፃ ግን ከ2019 ጀምሮ ለዕድሳት ስለተዘጋ ሥዕሉ በወቅቱ የት እንደሚታይ ደውለው ሳያጣሩ ትኬት አይቁረጡ።